የበረሃዋን ተክል የምንገድላት በውሃ ነው፤ ስፕሬዩን አስቀምጡት!

ባለፈው ሳምንት መስኮቴ ላይ ያለችውን ተክል ፎቶ ለጥፌ ነበር። አይታችኋታል። ታችዋ እንደ ጋን ያበጠ፣ ላይዋ ሦስት አራት ራቁት ቅርንጫፍ፣ አንድም ቅጠል የላትም። «ተኝታለች፤ መስከረም ሲጠባ እንገናኝ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ኮሜንቱ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ።

«ቲቸር፣ ደርቃለች እኮ፤ ውሃ አጠጣት!»

«እርጥበት አጥታ ነው፤ ጠዋትና ማታ ስፕሬይ አድርግላት።»

«ሻወር ቤት አስገባት፤ እንፋሎቱ ያነቃታል።»

አንድ ወዳጄ ደግሞ ውጭ አገር የተሠራ ቪዲዮ ላከልኝ። ሴትዮዋ በጸዳ ሳሎን ውስጥ ቆማ «የቤት ውስጥ ተክል ሁሉ እርጥበት ይጠማዋል» እያለች ጉም የሚተፋ ማሽን ታሳያለች። ሌላው በውስጥ መስመር መጥቶ «አንተ በዲፕሎማህ ከዓለም ባለሙያ ልትበልጥ ነው እንዴ?» አለኝ።

እሺ። ዲፕሎማዬን አልክድም፣ አላፍርበትምም። ግን እዚህ ጌዶ ላይ፣ በሐምሌ ወር፣ የበረሃ ተክል ላይ ውሃ የሚረጭ ሰው ተክሏን እየገደላት ነው። ይሄን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። አንዷን እኔ ራሴ ገድያለሁ። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ጊዜ የሌላችሁ ቢያንስ ስለ ጨው የጻፍኩትን ሳታነቡ እንዳትሄዱ።

የገደልኳት እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለሥራ ወደ ደቡብ ወርዶ ሲመለስ ይቺኑ ዓይነት ተክል ይዞልኝ መጣ። አዴኒየም ትባላለች። ብዙ ሰው «የበረሃ ጽጌረዳ» ይላታል እንጂ ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የላትም። የባዕድ አገር ተክልም አይደለችም፤ በአገራችን በምሥራቁና በደቡቡ ቆላ ማንም ሳይተክላት በድንጋይ መሐል ትበቅላለች። ሮዝ አበባዋ ሲፈካ ዓይን ያፈዛል። ፈሳሿ ግን መርዝ ነው፤ በአፍሪካ ብዙ ቦታ አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ ይቀቡበት ነበር። ቤታችሁ ትንሽ ልጅ ካለ ይሄን አትርሱ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስለ በረሃ ተክሎች የማስተምርበት ሳምንት ስለነበር፣ ተክሏን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ዜሮፋይት» ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍኩ። ሥሩም ሦስት ነጥብ፦ ውሃ ታጠራቅማለች፣ ቅጠሏን ትቀንሳለች፣ በሰም ትሸፈናለች። ልጆቹ ገለበጡ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። አባቷ ሥራ ተቀይሮ ከቦረና ቆላ የመጣች ናት፤ ክፍሉን ገና አልለመደችውም።

«ባርሲሳ፣ ይቺን እኛ ጋ አውቃታለሁ። አሁን ውሃ አይስጧት። አሁን አዶሌሳ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሳቅኩ። «እዚህ ክረምት ነው የኔ ልጅ፤ ተቀመጪ» አልኳት። ተቀመጠች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጇን ስታወጣ አላየሁም።

ፈተና ላይ «የበረሃ ተክሎች ከአካባቢያቸው ጋር የሚስማሙባቸውን ሦስት መንገዶች ጻፉ» ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ደፈነው። እኔም ደስ አለኝ፣ አስተማርኩ ብዬ።

ሐምሌ ላይ ተክሏ ቅጠሏን ማራገፍ ጀመረች። ደነገጥኩ። ልክ እናንተ እንዳላችሁት «እርጥበት አጥታ ነው» አልኩ። ስፕሬይ ገዛሁ። ጠዋት ረጨሁ፣ ማታ ረጨሁ። ቅጠሉ መርገፉን ሲቀጥል ውሃ ጨመርኩ። ብርድ እንዳይነካት ፌስታል አለበስኳት። የተተከለችው ቀዳዳ በሌለው የቀለም ባልዲ ውስጥ፣ በጓሮ ጥቁር አፈር ነው። ነሐሴ ላይ ግንዷን በጣቴ ነካ ሳደርገው ጣቴ ሰመጠ። ሽታው የበሰበሰ ድንች ነው። ሰሌዳ ላይ «ውሃ ታጠራቅማለች» ብዬ የጻፍኩት እኔ፣ ውሃ ያጠራቀመች ተክል ላይ ውሃ ጨምሬ ገደልኳት።

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ። አዶሌሳ ያለችው ምንድነው? ቦረና ላይ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው። ትልቁ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በሁለቱ መሐል፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ቀዝቀዝ የሚል ደረቅ ወቅት አዶሌሳ ይባላል። ልብ በሉ፤ እኛ «ክረምት ገባ» የምንልባቸው ሦስት ወራት እዚያ ዝናብ የሌለባቸው፣ ተክሏ ቅጠሏን አራግፋ የምትተኛባቸው ወራት ናቸው። በአንድ አገር፣ በአንድ ካላንደር፣ የእኛ ዋና የዝናብ ወቅት የእሷ የእንቅልፍ ወቅት ነው። ልጅቷ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረችኝ ይሄን ነበር። ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም እሷ ጋ ነበር። እኔ ጋ የነበረው ጠመኔ ነው።

ወደ ቪዲዮው እንሂድ። ሴትዮዋ ዋሽታለች አልልም። ለራሷ ቤት ልክ ናት። ችግሩ የእሷን ቤት መድኃኒት ለእኛ ቤት መዋጣችን ነው።

ሂሳቡን እንሥራው፤ ከባድ አይደለም። አየር ሲሞቅ ብዙ የውሃ እንፋሎት መያዝ ይችላል፣ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ነው የሚይዘው። በ20 ዲግሪ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል እንፋሎት ይይዛል። በ10 ዲግሪ ወደ 9 ግራም ገደማ ይወርዳል። በ0 ዲግሪ ደግሞ 5 ግራም አይሞላም። በመቶኛ የምንናገረው «እርጥበት» አየሩ ሊይዝ ከሚችለው ውስጥ አሁን የያዘው ስንት እጅ ነው ማለት ነው።

አውሮፓ ወይም ሰሜን አሜሪካ በብርድ ወራት ውጪው 0 ዲግሪ ነው እንበል። ያ 5 ግራም የማይሞላ እንፋሎት የያዘ አየር ቤት ገብቶ በማሞቂያ 20 ዲግሪ ሲደርስ፣ 17 ሊይዝ የሚችለው አየር የያዘው 5 እንኳ አይሞላም። እርጥበቱ ከ30 በመቶ በታች ወረደ ማለት ነው። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደርቃል፣ የጫካ ተክል ቅጠሉ ይጠወልጋል። ጉም የሚተፋው ማሽን የተሠራው ለዚያ ቤት ነው።

የእኛስ ቤት? ጌዶ ደጋ ነው፤ ከአምቦ ጉደርን አልፋችሁ ወደ ነቀምቴ ስትወጡ ብርዱ ራሱ የት እንደደረሳችሁ ይነግራችኋል። የቤት ማሞቂያ የለንም። ክረምት ላይ ቀን ቤት ውስጥ 20 ዲግሪ ቢሆንና አየሩ ግማሽ ያህል ብቻ ቢይዝ፣ ማለትም 8 ግራም ተኩል አካባቢ፣ ሌሊት ያው አየር ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ እርጥበቱ ከ90 በመቶ በላይ ይሆናል። አንድ ጠብታ ውሃ ሳይጨመር! ሌሊቱን ከብርዱ ብቻ እርጥበቱ ጣራ ይነካል። «ጣራ ይነካል» ያልኩት ለወጉ አይደለም፤ ጠዋት ስትነሱ ከቆርቆሮው ሥር የሚያንጠባጥበውን አይታችሁ አታውቁም? ዝናብ አይደለም፣ ጣራው አላፈሰሰም። የራሳችሁ ትንፋሽና የቡናው እንፋሎት ነው፣ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ነክቶ ውሃ የሆነ።

በዚያ ላይ እኛ እንጨምርበታለን። ቡና ሦስቴ ይፈላል፣ ባቄላ ይቀቀላል፣ የልጆች ልብስ ውጭ አልደርቅ ስላለ ሳሎን ገመድ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ልብስ የተነነው ውሃ የት የሚሄድ ይመስላችኋል? ነጭ ጋዝ የምታነዱም ስሙ፦ አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ቤት ውስጥ ይለቃል። ኬሚስትሪ ነው፤ በነዳጁ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ውሃ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መሐል ቆመን፣ ስፕሬይ ይዘን፣ «ተክሏ እርጥበት አጣች» እንላለን። ኧረ በስማም!

ያላመነኝ ጨውን ይጠይቅ። ይሄ ነው ዝለሉ እንዳትሉት ያልኩት። ንጹህ የገበታ ጨው አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት 75 በመቶ እስኪደርስ ድረስ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ከ75 ሲያልፍ ከአየሩ ውሃ እየሳበ ይረጥባል፣ ቆይቶ ይሟሟል። ስለዚህ በደረቅ ስኒ ላይ ስስ አድርጋችሁ ደቃቅ ጨው በትኑና ተክላችሁ አጠገብ ሁለት ሦስት ቀን አስቀምጡት። ከረጠበ ቤታችሁ ከ75 በመቶ በላይ ነው። ያልተጣራውና ድፍኑ ጨው ሌላ ማዕድን ስላለበት ቀድሞ ይረጥባል፤ ለዚህ ሙከራ የተጣራውን ተጠቀሙ። እኔ ሐምሌን በሙሉ ሞከርኩት። ስኒው ላይ ጨው ሳይሆን ሾርባ ነው ያገኘሁት።

የእርጥበት መለኪያ የገዛችሁም ዝም ብላችሁ አትመኑት። በጠርሙስ ክዳን ጨው አድርጉና በጥቂት ውሃ አረስርሱት፣ እንዳይሟሟ፣ ጭቃ እንዲመስል ብቻ። መለኪያውን ከእሱ ጋር በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን አቆዩት። 75 ማንበብ አለበት። 68 ካነበበ፣ መለኪያችሁ 7 እንደሚያጎድል ጻፉበት። በሁለት ማንኪያ ጨው ላቦራቶሪ ከፈታችሁ ማለት ነው።

ስለ ተክሏ ደግሞ ይሄን እወቁ። ውሃ በስፕሬይ ቅጠል ላይ ስትረጩ ትጠጣለች ብላችሁ ነው። አትጠጣም። የበረሃ ተክል ቆዳዋ በሰም የተለበጠ ነው፤ ውስጧ ያለውን ውሃ እንዳይወጣ የሚከለክለው ሰም፣ ከውጭ ያለውንም እንዳይገባ ይከለክላል። የምትጠጣው በሥሯ ነው። ሥሯ ደግሞ የሚስበው ላይ ያለው ቅጠል ውሃ ሲያተን ነው፤ የሚጎትተው እሱ ነው። ቅጠሏን ያራገፈች አዴኒየም ያንን ዘግታ ተኝታለች። ያጠጣችኋት ውሃ የሚወስደው ስለሌለ አፈሩ ውስጥ ይቀመጣል።

እሬትም፣ ማለትም ሀርጊሳ፣ እንዲሁም አዳሚ የምንለው ቁልቋል፣ እንዳሁላም ጭምር የቅጠላቸውንና የግንዳቸውን ቀዳዳ የሚከፍቱት በዋናነት ሌሊት ነው። ቀን በፀሐይ ከከፈቱ ውሃቸውን ስለሚጨርሱ ሌሊት አየር ወስደው በአሲድ መልክ ያስቀምጣሉ፣ ቀን ዘግተው ይሠሩበታል። ሌሊቱን ሁሉ ደረቅ አየር ለምዶ የተፈጠረን ተክል፣ ማታ ማታ አርጥቦ የማሳደር ትርጉሙ ምን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

በዚያ አፈር ውስጥ የቆመውን ውሃ የሚጠብቅ ሌላ አለ። ሥርና ግንድ የሚያበሰብሱ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ፤ እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ለእነሱ ሠርግ ነው። ከዘመዶቻቸው አንዱን ጀልዱ ያለ ድንች አምራች ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ዝናቡ ሳያቋርጥ፣ ጉሙ ሳይገለጥ ቀናት ሲቆጠሩ የድንቹን ቅጠል አጥቁሮ ማሳውን የሚያሸተው እሱ ነው። ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን በረሃብ የጨረሰው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ይኸው የድንች በሽታ ነው። ገበሬው ቅጠል ረጥቦ ሲያድር ይፈራል። እኛ የተማርነው ግን ገንዘብ ከፍለን ስፕሬይ ገዝተን ቅጠል እናረጥባለን።

አሁን የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ሁለት ነው።

አንደኛው፦ «ሀርጊሳ በየመንገዱ ዳር፣ በየገደሉ፣ በዝናብ ቆማ ትበቅል የለም ወይ?» ትበቅላለች። ግን የት እንደቆመች እዩ። ተዳፋት ላይ፣ ድንጋይ መሐል፣ ንፋስ በሚመታበት። ዝናቡ በወረደ በሰዓቱ ውሃው ቁልቁል ሄዷል፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ደርቃለች። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ የአገራችን እሬቶች በደጋው ራሱ የተፈጠሩ ናቸው። እናንተ ቀዳዳ በሌለው ጣሳ፣ ጥቁር አፈር ላይ፣ በመጋረጃ ጀርባ ያስቀመጣችኋት ከእሷ ጋር በምን ትነጻጸራለች?

ሁለተኛው የጠነከረ ነው፣ ስለዚህ በቀጥታ ልመልሰው። «ታይላንድ በጣም እርጥብ አገር ነው፤ ግን አዴኒየም እያራቡ ለዓለም ይሸጣሉ።» እውነት ነው። እርጥበት ብቻውን አይገድልም። ግን ባንኮክ ሌሊቱም ሞቃት ነው። ተክሏ ሙቀት ካገኘች ነቅታ ትጠጣለች፣ የጠጣችውን ታተናለች፣ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል። የሚገድለው ሦስቱ ሲገናኙ ነው፦ እርጥበት፣ ብርድና የማይንቀሳቀስ አየር። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ታድመው የሚያድሩት የት ነው? በሐምሌ፣ በእኛ ቤት፣ መስኮት በተዘጋበት ሳሎን። ብርዱን ማጥፋት አንችልም። አየሩንና ውሃውን ግን እንችላለን። ክርክሬ በአጭሩ ይሄ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከገደልኳት ወዲህ የማደርገውን ልጻፍላችሁ፤ ያለችኝ ሁለተኛዋ ተክል በዚህ ነው ክረምቶችን የተሻገረችው።

1. ቅጠሏን ማራገፍ ከጀመረች ውሃ አቁሙ። እኔ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ አንድ ስኒ እንኳ አልሰጣትም። ግንዷ ትንሽ ቢጨማደድ አትደንግጡ፤ ያጠራቀመችውን እየበላች ነው። ጠንካራ እስከሆነ ድረስ በሕይወት አለች። በበጋ ግን ስትነቃ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ጠብቃችሁ በደንብ አጠጧት፤ ያኔ ውሃ አትንፈጓት።

2. ዕቃው ቀዳዳ ይኑረው። የሸክላ ከሆነ ይመረጣል፤ በጎኑም ይተነፍሳል። ሥሩ የምታስቀምጡትን ሳህን ክረምት ላይ አንሱት።

3. የጓሮ ጥቁር አፈር አይሆንም። ውሃ ይዞ አይለቅም። እኔ ከግማሽ በላይ ለግንባታ የሚመጣውን ሬድ አሽ አጥቤ፣ የቀረውን አሸዋና ጥቂት የበሰበሰ ፍግ አድርጌ ነው የተከልኳት። አጥቡት፤ ብናኙ ቀዳዳ ይደፍናል።

4. ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቃችሁ አስቀምጧት። ክረምት ላይ ግድግዳው ራሱ ውሃ ያልባል። ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጧት፤ እንጨት ወይም ጡብ አድርጉላት። ከምድጃና ከጀበና አርቋት።

5. ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ በተለይ እኩለ ቀን ላይ፣ መስኮትና በር ትይዩ ከፍታችሁ አየሩ ይተላለፍ። «ውጪውም እኮ እርጥብ ነው» ትሉኛላችሁ። ነው። ግን ሌሊቱን ቤት ውስጥ ያጠራቀማችሁት ከውጪው ይብሳል፤ ንፋሱም ብቻውን ያደርቃል።

6. ድስት ክደኑ፣ ስታበስሉ መስኮት ክፈቱ፣ እርጥብ ልብስ ከተቻለ በረንዳ ላይ ስጡ።

7. ቤቱን ላድርቅ ብላችሁ ከሰል አያይዛችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ! ከሰል የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ ላይ እንዳላችሁ ይገድላል። ለአንድ ተክል ብሎ ቤተሰብ የሚያጠፋ እንዳይኖር ነው የምጽፈው።

8. ግንዷ ከለሰለሰ ፈጥናችሁ አውጧት፣ የበሰበሰውን በንጹህ ቢላ እስከ ጤነኛው ድረስ ቁረጡ፣ ደረቅና አየር ያለበት ቦታ ሁለት ሳምንት ያህል አሳድሯት፣ ቁስሉ ሲደርቅ በደረቅ አፈር ትከሏት። ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጉ፣ ቢላውንም እጃችሁንም በሳሙና እጠቡ። መርዝ ነው ብያችኋለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ሰው ችግር ላይ ባለበት ጊዜ ስለ አንድ ተክል ይሄን ያህል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ስሙኝማ። ተክሏን ያበሰበሰው አየር እኛም የምንተነፍሰው አየር ነው። ከአልጋው ጀርባ፣ ከቁም ሳጥኑ ኋላ የሚወጣውን ጥቁር ሻጋታ ታውቁታላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ መመሪያ አውጥቷል፤ በእርጥብ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳልና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ይናገራል። ክረምት በገባ ቁጥር ልጆቻችሁ የሚያስሉት «ብርድ መቷቸው» ብቻ ላይሆን ይችላል። መስኮት ለተክሏ ስትከፍቱ ለልጆቹም ከፈታችሁ። ተክሏ ቀድማ የምትናገር ምስክር ናት፤ እኛ ነን የማንሰማት።

የተናደድኩበት ዋናው ነገር ግን ስፕሬዩ አይደለም፤ ስፕሬዩን ያስገዛን ልማድ ነው። ከሩቅ የመጣ ነገር ሁሉ ልክ ነው፣ ቪዲዮ ላይ የታየ ነገር ሁሉ ሳይንስ ነው፣ ከኋላ ወንበር የተነሳ ነገር ደግሞ ሳቅ ነው። ሳይንስ እኮ ሴትዮዋ ያለችውን መድገም አይደለም። ሳይንስ የእሷ ቤት ስንት ዲግሪ ነው፣ የእኔስ ብሎ መጠየቅ ነው። ከአምቦ ቆላ ውስጥ ወዳለ ከተማ ብትሄዱ መልሱ ይለወጣል፤ ድሬዳዋ ያለ ወዳጃችን እኔ የጻፍኩትን ዝም ብሎ ገልብጦ ውሃ ቢያቆም ደግሞ በጥም ይገድላታል። እኔንም አትገልብጡኝ። ጨዋችሁን ስኒ ላይ አድርጉና ለኩ።

መምህራን ጓደኞቼም እዚህ አላችሁ። «ዜሮፋይት» የሚለውን ቃል ያለ ፊደል ስህተት የሚጽፍ ልጅ አፍርተናል። ቤቱ ያለችው ሀርጊሳ ለምን እንደበሰበሰች የሚጠይቅ ልጅ ስንት አፈራን? ለዚያ ሙሉ ነጥብ የሰጠሁትን ፈተና ዛሬ ቢሰጡኝ ራሴን እጥለዋለሁ። በሚመጣው ዓመት ክፍሌ መስኮት ላይ ስኒ ጨው ይቀመጣል፤ ልጆቹ በየቀኑ አይተው ይጽፋሉ። ወጪው ጥቂት ማንኪያ ጨው ነው፤ በጀት አልጠየቅኩም።

መጨረሻ ላይ ለአንዲት ልጅ አንድ ነገር አለኝ። ስምሽን እዚህ አልጽፍም። ቤተሰቦችሽ ከጌዶ ለቀው ሄደዋል፣ ይሄን ታንብቢው አታንብቢው አላውቅም። ያን ቀን ልክ ነበርሽ። ክፍሉ ሲስቅ ማስቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አብሬ ሳቅኩ። «አዶሌሳ ምንድነው፣ ነይ ሰሌዳው ላይ ጻፊልን» ማለት ነበረብኝ፤ «ተቀመጪ» አልኩሽ። ተክሏ በሁለት ወሯ ሞተች፣ እሱ ይሁን። አንቺ ግን እጅሽን ማውጣት ተውሽ፤ ያ ነው የሚከነክነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። የትም ክፍል ብትሆኚ እጅሽን አውጪ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እሷን የምታውቋት ካላችሁ ይሄን አድርሱልኝ። ሌሎቻችሁ ደግሞ የጨዋችሁን ውጤት ከከተማችሁ ስም ጋር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ ጌዶ፣ ጉደር፣ አምቦ፣ ባኮ፣ ጊንጪ፣ የትም። ስድብም ካላችሁ ቦታ አለ፤ ግን መጀመሪያ ስኒውን እዩት።

የእኔዋ እስከ መስከረም አትቀሰቀስም። ቅጠል ስታወጣ ፎቶዋን እለጥፋለሁ።